የተበላ ዕቁብ

ቲቸር ሰሌዳው ላይ «ሰንክ ኮስት» ብለው ጻፉና ወደ እኛ ዞሩ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከኋላ የተቀመጡትን ሁለት ልጆች እንቅልፍ ጥሏቸዋል። ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ የዋሉ ናቸው፤ አይፈረድባቸውም።

«ይህን በአማርኛ የሚነግረኝ ማነው?» አሉ።

ዝም አልን።

«የተበላ ዕቁብ!» አሉ ራሳቸው። ክፍሉ ሳቀ። የተኙትም ነቁ። «ወጥቷል፣ አልቋል፣ ተበልቷል። ከዚህ በኋላ በምትወስኑት ውስጥ አይገባም። ፋብሪካ ልክፈት ብላችሁ ለጥናት 2 ሚሊዮን ብር ከፈላችሁ እንበል። ጥናቱ ‹አያዋጣም› አለ። ‹2 ሚሊዮን አውጥቼበት የለ እንዴ፣ ልግባበት› አትሉም። የተበላ ዕቁብ ነው።»

ሁሉም ጻፈ። እኔም ጻፍኩ። ከዚያ እስክሪብቶዬ ቆመ። ከልጅነቴ ጀምሮ እማዬ ዕቁብ በምትጥልበት ቀን አብሬያት እሄድ ነበር። የሆነ ነገር ቆረቆረኝ። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ የተበላ ዕቁብ እኮ ገና ይከፈላል።»

«እንዴት?»

«ዕቁቡን የበላ ሰው እስከ መጨረሻው ዕጣ ድረስ ይጥላል። መብላቱ ነው ያለቀው እንጂ መክፈሉ ገና ነው። እና ወጪ ሳይሆን ዕዳ አይደለም?»

የማርከራቸውን ክዳን ከፈት ዘጋ አደረጉ። «ልክ ነሽ፣ ዕዳ ነው» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ግን ፈተና ላይ ይህን እንዳትጽፊ» አሉ።

ይህ የሆነው ጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ኮርሱ ፋይናንሻል ማኔጅመንት አንድ ይባላል፤ ተማሪው ግን «ኤፍኤም ዋን» ነው የሚለው። እማዬ መጀመሪያ የሰማች ቀን ሬዲዮ ጣቢያ የምቀጠር መስሏት ነበር። «ያንቺ ድምፅ ለሬዲዮ ይሆናል ብለሽ ነው?» አለችኝ። ሬዲዮ አይደለም፣ ስለ ገንዘብ ነው ስላት ደግሞ «ገንዘብማ አሥር ዓመት ይዘሽ የለ እንዴ» አለች።

እውነቷን ነው። ገንዘብ ያዥ ነኝ። ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አንድ የአስመጪ ቢሮ እሠራለሁ። መቁጠር አውቃለሁ። የተጭበረበረ ብር በጣቴ እለያለሁ። ማን ቼክ ፈርሞ እንደሚጸጸት ፊቱን አይቼ እናገራለሁ። ገንዘቡ ለምን ወደዚህ መጥቶ ለምን ወደዚያ እንዳልሄደ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ገንዘብ ያዥ አይጠይቅም፤ ያስፈርማል። ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው ማታ ማታ ዲግሪ የጀመርኩት።

11 ሰዓት ሲሆን ካዝናውን ቆልፌ እወጣለሁ። ከስታዲየም በለገሃር አድርጌ ወደ ሜክሲኮ በእግሬ። ባቡሩ እዚያው ጎኔ ያልፋል፤ ግን በዚያ ሰዓት ውስጡ ለመግባት ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበቴን ደግሞ ለክፍል ነው የማስቀምጠው። የክፍላችን መስኮት ወደ ሰንጋ ተራ ያያል። ስሙ የሰንጋ ነው፤ አሁን የተደረደሩት ባንኮች ናቸው። ከሁሉም በላይ የንግድ ባንክ አዲሱ ሕንፃ ይታያል። የካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነው፤ 209 ሜትር ቁመት አለው። ከመስኮቱ ስር ተቀምጦ ስለ ወለድ መማር ትንሽ ያስቃል። ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ሻይ እንደ መማር ነው። የምናስቀምጠው ገንዘብ ግን የለንም።

ስለ ትምህርቱ ከማውራቴ በፊት ስለ ቴብሉ ላውራ፤ ቂም ይዤበታለሁ። ይህ ኮርስ ያለ ቴብል አይሄድም። ለፋይናንስ ተብሎ የተሠራ ካልኩሌተር አለ፤ እኛ ክፍል ያለው ተራው ካሲዮ ነው። ስለዚህ ከሃንድአውቱ ጀርባ አራት ገጽ ሙሉ ቁጥር አለ። ዓመቱ ወደ ታች፣ ወለዱ ወደ ጎን። ሁለቱ የሚገናኙበትን ፈልጎ ማባዛት ነው። ችግሩ ሃንድአውቱ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ መሆኑ ነው። ከእኛ በፊት ስንት ባች እንደተገለባበጠው እግዜር ይወቀው። 3 እና 8 ቁጥር መንትያ ሆነዋል።

ሚድ ላይ፣ ማለትም የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና ላይ፣ «ከ5 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100,000 ብር፣ በ8 በመቶ ሲታሰብ፣ ዛሬ ስንት ያወጣል?» የሚል መጣ። 8 ነው ብዬ የ3ን ዓምድ አየሁ። 0.8626 ይላል። 86,260 ብር ብዬ በኩራት ጻፍኩ። መልሱ 68,060 ነበር። ቲቸር ወረቀቱን ሲመልሱ «ቁጥሩን ገልብጠሽው ነው» አሉኝ። አልገለበጥኩትም። ግን ማስረዳቱ ቴብሉን ከመውቀስ ሌላ ምን ይጠቅማል፣ ተውኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ቴብል እርም አልኩ። በካሲዮው 100,000ን ለ1.08 አካፍላለሁ። 92,592 ይላል። ያንኑ እንደገና ለ1.08። 85,733። አምስቴ ስደግመው 68,058 ላይ ይደርሳል። (ሁለት ብሯ ቴብሉ ሲያጠጋጋ የጨመራት ናት።) ቀርፋፋ መንገድ ነው፤ ፈተና ላይ ጊዜ ይበላል። ግን ትምህርቱ የገባኝ ያኔ ነው። እያንዳንዷ ማካፈል አንድ ዓመት ናት። ዓመት ባለፈ ቁጥር ገንዘቡ ከፊቴ ሲቀንስ አያለሁ። ቴብሉ ይህን አያሳይም። አምስት ዓመትን ባንድ ቁጥር ውስጥ ጠቅልሎ ያቀብላል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ «የድርጅት ግቡ ምንድነው?» ብሎ ይጀምራል። ሁላችንም ባንድ ድምፅ ትርፍ አልን። አይደለም ተባልን። የባለቤቱን ሀብት ማሳደግ ነው። ልዩነቱ ለብዙዎቹ የቃላት ጨዋታ መሰላቸው። እኔ ግን ይህንን ከመማሬ በፊት ኖሬዋለሁ። ቀድሞ የሠራሁበት አንድ ቤት ነበር። ዓመቱ ሲዘጋ ሒሳብ ሠራተኛው ጥሩ ትርፍ አሳየ። በዚያው ወር ደመወዝ ሁለት ሳምንት ዘገየ። ሠራተኛው ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ መስኮት ነው። «አትርፈናል አይደል እንዴ?» ይሉኛል። ትርፉ ካዝናዬ ውስጥ አልነበረማ። ዕቃው በዱቤ ተሸጧል፤ ትርፉ ሰው ሱቅ ውስጥ፣ ሰው ደብተር ላይ ነው ያለው። ቲቸር ትርፍና ጥሬ ገንዘብ አንድ አይደሉም ሲሉ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ወሰደባቸው። እኔን ቢጠይቁኝ በአምስት ደቂቃ እጨርሰው ነበር።

ዋናው ነገር ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ነው። የገንዘብ የጊዜ ዋጋ። ዛሬ ያለ አንድ ብር ነገ ከሚመጣ አንድ ብር ይበልጣል። ይኸው ነው፤ የቀረው ኮርስ በሙሉ ይህቺን ዓረፍተ ነገር እያገላበጠ የሚቀጥል ነው። አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ነው?» ሲል ቲቸር ደስ አላቸው። «ነው፤ ግን እዚህ የላሟን ዋጋ እናወጣለን» አሉ። «ሰማይ ላይ ብትሆንም የሆነ ነገር ታወጣለች። ስንት? ኮርሱ እሱን ነው።»

ከዚያ ባንክ ገንዘብ ያስቀመጠ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። አወጣን። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ያኔ 7 በመቶ ነበር፤ እስከ ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ 5። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ቲቸር ሰሌዳው ላይ አስቀመጡት። 100 ብራችሁ በዓመቱ 107 ሆነ። 100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 130 ገባ። 107ን ለ130 አካፍሉ። 82 ብር ከምናምን። «ወለድ በልታችሁ 18 ብር ከፍላችኋል» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዷ ልጅ ከጎኔ «ቆጥቤ ነው የደኸየሁት በለኛ» አለች። እኔ ሌላ ነገር ነበር የማስበው። ካዝና ስቆልፍ አሥር ዓመት የሆነኝ ሰው፣ ተቆልፎም ገንዘብ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር።

ይህን ወለድና ንረት የማቀናነስ ነገር በሥርዓት ከጻፉት አንዱ ኢርቪንግ ፊሸር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ቀመሩም በስሙ ይጠራል። ከርዕሴ ልውጣና አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህ ሰው በ1929 እ.ኤ.አ. የአክሲዮን ዋጋ ከእንግዲህ የማይወርድበት ከፍታ ላይ ደርሷል ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ብዙም ሳይቆይ ገበያው ተናደ። የራሱም ሀብት አብሮ ሄደ። ይህንን ሳነብ ስለ ሚዱ ውጤቴ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ቀመሩ እጄ ሲገባ፣ ቁጭ ብዬ የእማዬን ዕቁብ አሰላሁት።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ፒያሳ አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ዕቁባቸው ሃያ ሰው ነው። በወር 3,000 ብር ይጥላሉ። ዕጣው 60,000 ብር ነው። ሐምሌ 2015 ተጀምሮ የካቲት 2017 ነው የሚያልቀው። እማዬ የመጨረሻዋ ናት። ዕጣ ሳይወጣላት ቀርቶ አይደለም። መስከረም ላይ ወጥቶላት ነበር፤ ልጁን ለሚድር ሰው ለቀቀችለት። አመሏ ነው። ሌላው ተራውን ሲለቅ ሁለትም ሦስትም ሺህ ብር ይቀበላል። እሷ አትቀበልም። እኔ እስከማውቀው ድረስ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ወሮች በፊት ዕቁብ በልታ አታውቅም።

ወለዱን በወር አንድ ተኩል በመቶ አደረግሁት። ባንክ ሲያበድር ከሚጠይቀው ብዙም አይርቅም። ሃያውንም ክፍያ ወደ መጀመሪያው ቀን መለስኩ። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ከዚያ እራት ላይ አቀረብኩላት።

«እማዬ፣ ሁላችሁም የምትጥሉት በመጀመሪያው ቀን ዋጋ 52,300 ብር ገደማ ነው። መጀመሪያ የወጣለት 60,000 አገኘ። አንቺ መጨረሻ ላይ የምታገኚው ግን 45,200 ነው። 7,000 ብር ከኪስሽ አውጥተሽ እየሰጠሽ ነው።»

«60,000 ነው የሚሰጡኝ።»

«አዎ፣ ግን በዛሬ ዋጋ—»

«ዛሬ መች ሰጡኝ?»

እንደገና ጀመርኩ። ወረቀት አወጣሁ። መስመር አሠመርኩ፣ ቀስት ሠራሁ። አየችው። ለሥራዬ ክብር ስትል እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ ስለ ቴሌቪዥኑ ነገረችኝ።

እኔ ሕፃን ሳለሁ፣ አንድ ጊዜ ሁለተኛ ዕጣ ወጥቶላት በላች። ቴሌቪዥን ገዛች። ዓመት ሳይሞላው ተቃጠለ። ዕቁቡ ግን የሚያልቀው ገና በቀጣዩ ዓመት ነበር። «የተቃጠለ ቴሌቪዥን ቤቴ አስቀምጬ፣ ለሱ እያልኩ እሑድ እሑድ ብር ይዤ እወጣለሁ» አለች። «ከዚያ ወዲህ ቀድሜ አልበላም። ገንዘብ እጄ ከገባ ይሄዳል። እነሱ ጋ ሲሆን ማንም አይነካብኝም።» ትንሽ ቆየችና ጨመረች፤ «አንቺም ጭምር።»

ይህቺ ለእኔ ነበረች። የሴሚስተሩን ክፍያ ከእሷ ተበድሬ ነው የከፈልኩት። በሁለት ወር እመልሳለሁ ብያት ነበር። የመለስኩት ሚያዝያ ላይ ነው።

ሌሊቱን አሰብኩበት። 7,000 ብሩ ለካ ኪሳራ ብቻ አይደለም፤ የጠባቂ ደመወዝ ነው። ከራሷም ከእኔም የሚጠብቅላት ሰው ቀጥራለች። ዋጋው ውድ ነው ብዬ አሁንም አምናለሁ። ግን ወረቀቴ ላይ ጠባቂ የሚባል ረድፍ አልነበረም።

እንግዲህ ወር ቆይቶ ነው ቲቸር «የተበላ ዕቁብ» ያሉት፤ እኔም እጄን ያወጣሁት። ያን ቀን ነገሩ የቃል ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ለፈተናው የተባልኩትን ጽፌ ቢ ፕላስ አገኘሁ።

ሴሚስተሩ አልቆ ብዙም ሳይቆይ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ደርሶ ነበር። የካቲትና መጋቢት 2016 ዓ.ም. ያንን አካባቢ ያየ ሰው ያስታውሰዋል። ዛሬ አልፈሽ የሄድሽበት ግድግዳ ነገ የለም። ሰዎቹ ገላን ጉራ፣ አራብሳ፣ ወዘተ ሄዱ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማወራው ስለ አንድ ዕቁብ ነው። የሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ሄደ። ከሃያው ዘጠኙ ከሰፈሩ ተነሡ። እስከዚያ ድረስ ስምንት ዕጣ ወጥቷል። ከበሉት ስምንት ሰዎች አምስቱ ከተነሡት ውስጥ ናቸው።

አሥራ ሁለት ዕጣ ይቀራል። የመጨረሻው የእማዬ ነው።

ካሲዮዬን አወጣሁ፤ ምን ላድርግ፣ ለምዶብኛል። አምስቱ ቢቀሩ የሚጥለው ሰው አሥራ አምስት ይሆናል። ዕጣው 45,000 ብር። ያቺው 45 ሺህ በሌላ በር ዞራ መጣች። ያኔ በጊዜ ዋጋ ቀንሼ ያገኘኋት ነች፤ አሁን ግን በጥሬው ልትሆን ነው።

«ባይመጡስ?» አልኳት።

እማዬ ጨርቅ እየቀደደች ነበር። ቀና ሳትል አንድ በአንድ ጠራቻቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። «እሷ ትዘገያለች እንጂ አታስቀርም። እሱ ሚስቱ ካልሰማች አይከፍልም፤ እኔ ደግሞ የምደውለው ለሚስቱ ነው። እኚያ ሽማግሌ ከመቅረት ሞትን ይመርጣሉ። ያቺ ልጅ ሥራ ካጣች ትቸገራለች፤ ግን ዋሷ ባለ ሻይ ቤቱ ናቸው። አምስተኛውን አላውቅም። እሱን እፈራለሁ።»

ባንኮች ብድር ሲሰጡ የሚያዩዋቸው አምስት ነገሮች ብለው አስተምረውናል። ጸባይ፣ የመክፈል አቅም፣ የራሱ ሀብት፣ መያዣ፣ የጊዜው ሁኔታ። በእንግሊዝኛ ሁሉም በሲ ፊደል ስለሚጀምሩ «ፋይቭ ሲስ» ነው የምንላቸው። ለፈተና በቃሌ ይዣቸው ነበር። እማዬ አምስቱንም ጨርቅ እየቀደደች ጨረሰቻቸው።

ያኔ ነው የራሴ ስሌት ስህተት ፍንትው ብሎ የታየኝ። ቲቸር ደጋግመው ነግረውናል፤ ስጋቱ ሲበዛ የምንቀንስበት ወለድም መጨመር አለበት። እኔ ለመጀመሪያውም ለመጨረሻውም አንድ ተኩል በመቶ ነበር የወሰድኩት። የመጀመሪያው ሰው ምንም ስጋት የለበትም፤ ብሩን ይዞ ሄዷል። የመጨረሻዋ ሴትዮ ግን የአሥራ ዘጠኝ ሰው ቃል ላይ ነው የተቀመጠችው። እንደ ትምህርቱ ቢሆን የእማዬ 60,000 ብር ከ45,200ም በታች መውረድ ነበረበት። እንዲህ ሲታይ «እየከሰርሽ ነው» ስላት አሳንሼ ነው የነገርኳት።

የተበላ ዕቁብ ይከፈላል ብዬ ክፍል ውስጥ በድፍረት ተናግሬያለሁ። ማን አስከፍሎ? ወረቀት የለም። መያዣ የለም። የዳኛው ደብተር አለ፣ የዋሶቹ ስም አለ። ያ ሁሉ የሚሠራው ደግሞ ሰዎቹ ጠዋት ዳቦ ሲገዙ ስለሚገናኙ ነበር። አሁን ዳቦ የሚገዙት ሌላ ቦታ ነው።

ከፈረሰ በኋላ የመጀመሪያውን ዕጣ ያወጡት አራዳ ጊዮርጊስ በር ላይ ነው፤ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ቆመው። እኔም ሄድኩ። ከአምስቱ ሦስቱ መጡ። አንደኛዋ በቴሌብር ላከች። ሽማግሌው ሁለት ታክሲ ቀይረው ነው የመጡት፤ «መንገዱ እንዴት ነው?» ሲሏቸው «ይደረሳል» ብቻ አሉ። አምስተኛው አልመጣም። በቀጣዩ ወርም አልመጣም። ስልኩ ይጠራል፣ አያነሣም። ዋሱ የተባለው ሰው ሁለት ወር ከፈለለት፤ በሦስተኛው ወር ሄዶ ከቤቱ ይዞት መጣ። ምን እንደተባባሉ አልተነገረንም። ከዚያ በኋላ አንድም ወር አላስቀረም።

ሁሉም ከፈሉ ብዬ እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ታሪኩ ግን ሌላ ቦታ ተበላሸ።

እማዬ በዕቁቡ ልትገዛ ያሰበችው ኦቨርሎክ መኪና ነው። የልብስ ጠርዝ የሚዘመዝመው። አሁን ለሌላ ሰው እየከፈለች ነው የምታስዘመዝመው። ዕቁቡ ሲጀመር 60,000 ብሩ መኪናውን ገዝቶ ለክርም ይተርፍ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ተወሰነ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። እኔ አስመጪ ቢሮ ነው የምሠራው፤ ያንን ሳምንት በመስኮቴ አየሁት። ሰው ዋጋ ጠይቆ፣ ብር ሊያመጣ ሄዶ፣ ሲመለስ ዋጋው ሌላ ነው። ኦቨርሎኩም እንደዚያው። እማዬ በየወሩ መርካቶ ሄዳ ትጠይቃለች። በየወሩ ትንሽ ይርቃታል።

አንድ ማታ «ያንን ወረቀትሽን እስቲ አምጪው» አለችኝ። መስመርና ቀስት ያለበትን። አመጣሁላት። መነጽሯን አድርጋ ፈለገች።

«ይህ ነገር የቱ ጋ ነው ያለው?»

«የቱ?»

«ዶላሩ።»

«የለም» አልኳት።

ወረቀቱን መለሰችልኝ። ነግሬሽ ነበር ለማለት ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እውነት አልነገርኳትም። እኔ የነገርኳት 7,000 ብር ነው፤ የሄደባት ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ቀድማ በልታ መኪናውን ገዝታ ቢሆን ኖሮ ትጠቀም ነበር። ይህን እሷም ታውቃለች። እኔም ባልናገረው ይሻላል።

ስለ አክሲዮን ባጭሩ ልበል፤ የኮርሱ ግማሽ እሱ ነውና ዝም ብዬ ባልፈው ያምርብኛል አልልም። ቤታ (የአክሲዮን ስጋት መለኪያ)፣ ዲቪደንድ (ለባለ አክሲዮን የሚከፋፈል ትርፍ)፣ የሚጠበቅ ገቢ፤ ሁሉንም የተማርነው በሌለ ገበያ ላይ ነው። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን ይገበያይ ነበር፤ በአብዮቱ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ የመጣ የፋይናንስ ተማሪ ሁሉ «ካምፓኒ ኤ» እና «ካምፓኒ ቢ» የሚባሉ ድርጅቶችን ሲተምን ኖረ። እኔ ፈተናውን ከወሰድኩ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም.፣ ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶውን ለሕዝብ አቀረበ። አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ መግዛት የሚቻለው 33። ጥር ላይ ደግሞ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ሥራ ጀመረ። 9,900 ብሬን በቴሌብር ከፍዬ ገዛሁ። ዋጋው ተገቢ ነው አይደለም ብዬ በቀመሩ ልሞክር ተቀመጥኩ። የሚያስፈልገኝን ቁጥር ሁሉ ከራሴ ግምት ነበር የምሞላው። መጨረሻ ላይ የገዛሁት ሌሎችም ስለገዙ ነው። ከ47 ሺህ የሚበልጥ ሰው ገዝቷል፤ ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ግን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ለእማዬ ስነግራት «ዳኛው ማነው?» አለችኝ።

የካቲት 2017 የመጨረሻው ዕጣ ወጣ። ለነገሩ የሚወጣ ነገር የለም፤ የቀረው አንድ ስም ነው። ጊዮርጊስ አጠገብ አንዲት ሻይ ቤት ለምደዋል አሁን። ጥግ ላይ ሁለት ጠረጴዛ ገጥመው ተቀምጠዋል። አሥራ ስድስቱ በአካል ነው የመጡት። ዳኛው ደብተሩን ከፍተው የሁሉንም ስም አነበቡ፤ ከሁሉም ስም ፊት ምልክት አለ። ብሩን በላስቲክ አስረው ለእማዬ ሰጧት። ሰው አጨበጨበ። ሽማግሌው ዳቦ ይዘው መጥተው ነበር፤ ተቆረሰ።

ለመኪናው ሃያ ምናምን ሺህ ብር ይጎድላታል። ያንን ማንም አላነሣም።

ወዲያው ስለ አዲሱ ዕቁብ ወሬ ተጀመረ። ኑሮው ስለጨመረ በወር 5,000 ይሁን ተባለ። ጸሐፊዋ አዲስ ገጽ ገለጠች። አሥር ስም ሲጻፍ አየሁ። እኔም እዚያው እጄን አወጣሁ፤ እንደ ክፍል።

«እኔንም ጻፉኝ» አልኩ።

ዳኛው ደስ አላቸው። «አንቺ ደግሞ ባንክ ተምረሽ ዕቁብ?» አሉ። ሳቅን። ከዚያ ቁም ነገር ነውና መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ዋስሽ ማነው?»

እማዬን አየኋት። ላስቲኩን ፈታ ብሩን እየቆጠረች ነበር። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ጣቷን ምራቅ አስነካች፤ ቀና አላለችም።

«ቆይ እስቲ» አለች፣ «መጀመሪያ የኔን ቆጥሬ ልጨርስ።»